ፕሮባዮቲክ ምንድን ነው? የተብላላ ሁሉ ለምን ፕሮባዮቲክ አይባልም?

ሰሞኑን አንድ የምግብ መካሪ «የአኩሪ አተር ሶስ የተብላላ ስለሆነ ፕሮባዮቲክ ነው፤ ለአንጀታችሁ ብላችሁ በየምግባችሁ ላይ ጨምሩበት» ሲል ሰማሁ። ከአኩሪ አተር ስለሚሠሩት ሌሎች ምግቦች፣ ስለ ቴምፔ፣ ስለ ሚሶ፣ አልፎ ተርፎም ስለ ቶፉ ተመሳሳይ ነገር ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌያለሁ። ይህን ግን ማለፍ አቃተኝ። ምክሩን አምኖ የሚከተል ሰው የሚያገኘው ሕያው ባክቴሪያ ሳይሆን ጨው ነውና። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶስ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች እንዲወስድ ይመክራል።

ቃሉ የታወቀ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያሰባሰቧቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባስቀመጡት ትርጉም፣ ፕሮባዮቲክ የሚባሉት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለወሳጁ የጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሕያው መሆን፣ በቂ መሆን፣ ጥቅሙ በጥናት መታየት፤ ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። መብላላት የሚል ቃል ግን በትርጉሙ ውስጥ የለም። የተብላላ ምግብ የራሱ ትርጉም አለው፤ ተፈላጊ ተሕዋስያን አድገውበት፣ ኢንዛይሞቻቸው ይዘቱን ለውጠውት የተሠራ ምግብ ማለት ነው። ስንበላው ተሕዋስያኑ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ትርጉሙ አይጠይቅም።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው የግንበኛና የቤት ምሳሌ ነው። ተሕዋስያኑ ግንበኞች ናቸው፤ የተብላላው ምግብ የገነቡት ቤት ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግንበኞቹ እዚያው ሊያድሩ፣ ወጥተው ሊሄዱ፣ ወይም እሳት ሊፈጃቸው ይችላል። ቤቱ ግን ቤትነቱን አይለቅም። ፕሮባዮቲክ የምንለው ቤቱን አይደለም። ስሙ የታወቀ፣ ሥራው የተፈተነ፣ በሕይወት ደርሶ አንድ የታወቀ ጥገና የሚያከናውን ባለሙያን ነው። ይህ ባለሙያ ከግንበኞቹ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ግንብ ነክቶ የማያውቅም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ዓይን ቴምፔን እንየው። የኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ምግብ ነው። የተላጠና የተቀቀለ አኩሪ አተር ላይ ራይዞፐስ የተባለ ሻጋታ ተዘርቶ፣ በ30 ዲግሪ አካባቢ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ሲወጣ በጥጥ የተለበጠ ጡብ ይመስላል። በቢላ ስትቆርጡት እያንዳንዱ ፍሬ ከጎረቤቱ ጋር በነጭ ክር ተሰፍቶ ታያላችሁ፤ ክሩ ሻጋታው ራሱ ነው። እዚህ ግንበኛው ራሱ ጭቃ ሆኖ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ቴምፔው ይጠበሳል ወይም ይቀቀላል። ግንበኛው ይሞታል፤ ግድግዳው ይቆማል።

ሶሱ ደግሞ ሌላ ነው። በባህላዊው አሠራር አኩሪ አተርና ስንዴ ኮጂ በተባለው ሻጋታ ይለወጡና በጨው ውኃ ውስጥ ለወራት ይቆያሉ። መጨረሻ ላይ ይጨመቃል፣ ይጣራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሞቃል። ግንበኞቹ በር ላይ ተሰናብተዋል። በአሲድ ተሰባብሮ በአጭር ጊዜ የሚሠራ ሶስም አለ፤ እዚያማ ከመጀመሪያውም ግንበኛ አልገባም። (በባህላዊው ሶስ ውስጥ ስንዴ እንዳለበት ሴሊያክ፣ ማለትም በስንዴ ግሉተን የሚቀሰቀስ የአንጀት ሕመም፣ ያለበት ሰው ልብ ይበል።) ቶፉ ጭራሽ አይብላላም፤ የአኩሪ አተር ወተት በካልሲየም ሰልፌት ወይም በማግኒዥየም ክሎራይድ ረግቶ የሚሠራ ነው።

የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ የሆነው ሚሶ ላይ ሲደረስ «ሚሶ እኮ ሕያው ነው» ይሉኛል። ያልሞቀ ከሆነ፣ አዎ። በቤተ ሙከራ ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ሚሶና ለአምስት ደቂቃ የፈላ ሚሶ ባክቴሪያ በሚያድግባቸው ሁለት የአጋር ሳህኖች ላይ ዘርተን እናሳድራለን። የመጀመሪያው ሳህን በነጠብጣብ ይሞላል። በሁለተኛው ላይ የሚታዩት ስፖር (እሳት የማይበግረው ጠንካራ ቅርጽ) የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ጥቂት። ሚሶውን ከሚንተከተክ ሾርባ ጋር የሚያፈላ ሰው የሚጠጣው ሁለተኛውን ሳህን ነው። ጣዕሙም ስለሚጎዳ፣ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ መበጥበጡ ይሻላል።

ናቶ የተባለው የተብላላ አኩሪ አተር ለሞጋቾቼ የተሻለ መከራከሪያ ነው። የሚያብላላው ባክቴሪያ ባሲለስ ሰብቲሊስ ስፖር ስለሚሠራ፣ ግንበኛው ራሱን ጠንካራ ክፍል ውስጥ ቆልፎ አንጀት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን መድረስና መጥቀም ይለያያሉ። ጥቅም የሚረጋገጠው ደግሞ በዝርያ ስም ሳይሆን በንዑስ ዝርያ (ስትሬይን) ነው። ሐኪሙ አልፍሬድ ኒስል እ.ኤ.አ. በ1917 ከአንድ ወታደር ዓይነ ምድር የለየው ኢሼሪሺያ ኮላይ ኒስል 1917 የተባለው ባክቴሪያ ዛሬም በፕሮባዮቲክነት ይሰጣል። የዚሁ ዝርያ አባል የሆነው ኦ157፡ኤች7 ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ኩላሊት ያደክማል። የቤተሰብ ስም ብቻ አይቶ ባለሙያ መቅጠር እንዲህ ያለ አደጋ አለው። ሳልጠየቅም ቢሆን ይህን ልጨምር፦ ናቶ በቫይታሚን ኬ2 እጅግ የበለጸገ ስለሆነ ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይብላው።

«ታዲያ የተብላላ ምግብ ዋጋ የለውም እያልሽ ነው?» ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ። እንዲያውም በተቃራኒው ነው የምለው፤ ቤቱ ራሱ ዋጋ አለው። አኩሪ አተር ሲብላላ አንጀት የሚነፉት ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የተባሉት ስኳሮች ይቀንሳሉ። ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ፕሮቲኑ ተሰባብሮ ግሉታሜት ስለሚወጣ ያ የሚወደደው ጣዕም ይመጣል። ይህ ሁሉ ተሕዋስያኑ ቢሞቱም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ36 ጤነኛ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ነው። ለ10 ሳምንት የተብላሉ ምግቦችን አብዝተው የበሉት ሰዎች የአንጀታቸው ተሕዋስያን ስብጥር ሲሰፋ፣ የብግነት ምልክቶቻቸው ቀንሰዋል። ጥሩ ውጤት ነው፤ ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ጥናቱም ስለ ምግቦቹ በጥቅሉ ይናገራል እንጂ አንዱንም ምግብ ፕሮባዮቲክ አላለውም።

ቴምፔ አስተማማኝ የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ ነው እየተባለ የሚነገረውም በዚሁ ስህተት የተሠራ ነው። ሻጋታው ቢ12 አይሠራም። የሚሠሩት ሳይጠሩ የሚገቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መጠኑም ከጡብ ጡብ ይለያያል። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበላ ሰው በቴምፔ ብቻ መተማመን የለበትም።

ስለዚህ ማሸጊያ ላይ «ፕሮባዮቲክ» የሚል ካያችሁ ገልብጡና አንብቡ። የዝርያው ስም ብቻ ሳይሆን ከኋላው የንዑስ ዝርያው መለያ ፊደልና ቁጥር መጻፍ አለበት። የሕያዋኑ ብዛት ደግሞ በተመረተበት ቀን ሳይሆን እስከ መጠቀሚያው ቀን ማብቂያ ድረስ ስንት እንደሆነ መገለጽ አለበት።