ከራስ ፎቶ የሚሠራ ፐዝል ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርደውን ሕዝብ ከአንድ ሕንፃ በረንዳ ላይ ሆኜ በስልኬ አነሣሁት። ፎቶው አማረ። ያየው ሁሉ ‹‹ይሄንማ አሳጥበህ ስቀለው›› ይለኝ ጀመር። እኔ ግን ፐዝል ላድርገውና ለአክስቴ ልስጣት ብዬ 108 ቦታ ቆራረጥሁት። እቴቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገለች። ከዚያ መለሰችልኝና ‹‹ይሄ ሁሉ ነጠላ የማን እንደሆነ በምን ልወቀው?›› አለችኝ።

ስለ ፎቶ ፐዝል ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፎቶ ቆርጫለሁ፤ መቁረጡን ማሽን ይሠራዋል፤ ሰው የሚደክመው ምርጫው ላይ ነው። ወደ ምርጫው ከመሄዴ በፊት ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ልናገር።

ፐዝል ስንል ብዙ ነገር እንጠራለን፤ የቁጥሩንም፣ የቃላቱንም ጨዋታ። እኔ የማወራው ጂግሶ ስለሚባለው ነው። አንድ ሥዕል ወይም ፎቶ ይቆራረጣል፣ ቁራጮቹ ይደባለቃሉ፣ ተጫዋቹ መልሶ ይገጣጥማቸዋል። ዲጂታል ሲሆን መጋዙም ካርቶኑም ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ፎቶውን ስክሪን ላይ ይቆርጠዋል፣ ተጫዋቹ በጣቱ ወይም በማውስ እየጎተተ ይገጥማል። ፎቶው ከሱቅ የተገዛ የስዊዘርላንድ ተራራ መሆኑ ቀርቶ የራስ ቤት፣ የራስ ሰው፣ የራስ ሰፈር ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዛል።

ጂግሶ የመጋዝ ስም ነው፤ ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ እንጨትን በጠመዝማዛ መስመር ይቆርጣል። ጨዋታው ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል የካርታ ባለሙያ ካርታ እንጨት ላይ እየለጠፈ፣ በአገሮች ድንበር ላይ እየቆረጠ ለልጆች የጂኦግራፊ ማስተማሪያ አድርጎ ይሸጥ ነበር። (በዚያው ዘመን ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ነግሠው ነበር፤ አያታቸው እቴጌ ምንትዋብም በሕይወት ነበሩ።) ከስፒልስበሪ ሥራ እኔን የሚገርመኝ እያንዳንዱ ቁራጭ ስም የነበረው መሆኑ ነው። ልጁ የሚያነሣው ቁራጭ ፈረንሳይ ነው፣ ወይም ስፔን ነው። ቆይቶ ካርቶን እንጨቱን ተካ፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ርካሽ የቤት መዝናኛ ሆኖ ተስፋፋ። አገሩ ቀርቶ ፍርግርግ ሲመጣ ቁራጩም ስሙን አጣ። የእቴቴ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። አንድ ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ፒክስል (ፎቶው የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ፎቶው ላይ መረብ ይዘረጋል። ወደ ጎን 12፣ ወደ ታች 9 ካላችሁት 108 ካሬ ይወጣል፤ የእያንዳንዱ ጎን 333 ፒክስል ገደማ። 108ን ዝም ብዬ አልመረጥሁትም። ፎቶው 4 ለ 3 ስለሆነ 12፣ 48፣ 108፣ 192 ሲባል ቁራጩ ካሬ ይሆናል። መቶ ይሁን ብላችሁ 10 በ10 ብትከፍሉት ጡብ የመሰለ ጋደም ያለ ቁራጭ ነው የሚወጣው።

ቀጥሎ ካሬዎቹ በሚገናኙበት መስመር ሁሉ ላይ ወንዴና ሴቴ ያወጣል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛም፣ የቧንቧ ሠራተኛም የሚያውቀው ቋንቋ ነው፦ አንዱ ጎን ጉጥ ይኖረዋል፣ ሌላው ያንን ጉጥ ይቀበላል። ወንዴው በየት በኩል ይሁን የሚለው ላይ ፕሮግራሙ ዕጣ ይጥላል። ብልሃቱ ያለው ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ መስመር መካፈላቸው ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ቅርጽ አይሣልም፣ የግራው ሲቆረጥ የቀኙም በዚያው ይቆረጣል። በ108 ቁራጭ ውስጥ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ 195 ይሆናል። መስመሩ ብዙ ጊዜ የሚሣለው ቤዚየር በሚባለው ኩርባ ነው። ፒየር ቤዚየር በሬኖ የመኪና ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኩርባውን የሚጠቀምበት የመኪና አካል ለመንደፍ ነበር። ጥቂት ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ለስላሳ መስመር ማግኘት ስለሚቻል የእኛም ጉጥ በዚያው ዘዴ ይወጣል።

ጠርዝ ላይ ያሉት በአንድ ጎናቸው ቀጥ ያሉ ናቸው። ከ108ቱ ውስጥ አራቱ የማዕዘን ናቸው፣ 34ቱ የጠርዝ፣ 70ው የመሃል። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ጠርዙን ለቅሞ ዙሪያውን የሚያጥረው ለዚህ ነው፤ አጥር ከታጠረ ግቢው ይታወቃል።

ቁራጮቹ ሲደባለቁ እያንዳንዱ አድራሻውን ይዞ ነው፦ ረድፍ 4፣ ዓምድ 7 እንደሚባለው። ፕሮግራሙ ሥዕሉን አያይም። ጎትታችሁ ስትለቁ የሚያጣራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቁራጭ በእርግጥ ጎረቤቱ ነው ወይ? ከትክክለኛ ቦታውስ ምን ያህል ራቀ? ርቀቱ ጥቂት ፒክስል ከሆነ ስቦ ያጣብቃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሁሉም ተያይዞ አንድ ሲሆን ጨዋታው ያልቃል።

ከካርቶኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የካርቶኑን ቁራጭ ልጅ በመዳፉ መትቶ በሰው ቦታ ሊያስገባው ይችላል፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ኋላ አንድ ቦታ ጎዶሎ ሲመጣ ነው። ዲጂታሉ ጎረቤቱን ካላገኘ አይይዝም። ግን ይኸው ነገር ለሰነፍ በር ይከፍታል። ሰማያዊ ቁራጮችን እያነሣ በየቦታው እየነካካ ‹‹ቀጭ›› እስኪል ድረስ የሚሞክር ሰው አይቻለሁ (አንዱ እኔ ነኝ)። ያ መጫወት አይባልም፣ ቁልፍ በየበሩ እንደመሞከር ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ደግሞ ቁራጩ ላይ ምንም መለያ ሲያጣ ነው፤ ጥፋቱ የፎቶው ነው።

የጎንደር ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የፋሲል ግንብን ነው። ፎቶው በታኅሣሥ ከተነሣ ግማሹ ጥርት ያለ ሰማይ ይሆናል፤ ከ108ቱ ሃምሳ የሚሆነው አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው። ያንኑ ግንብ መስከረም ላይ ደመና ሳይለቀው አንሡት፤ ደመናው ራሱ መንገድ ያሳያል። ወይም ሰማዩን ቁረጡትና ወደ ግድግዳው ቅረቡ። ቡናማው ድንጋይ ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ሲቀርብ ግን የእያንዳንዱ ድንጋይ መጠን፣ ጥላው፣ በመስኮቱ ቅስት ዙሪያ ያለው ቀላ ያለ ድንጋይ ሁሉ ይለያል። የፋሲለደስ መዋኛ አጥር ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮችማ ለፐዝል የተሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሥር ከቁራጭ ወደ ቁራጭ እየሳበ ይወስዳል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ በረድፍ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች የተለየ ወጥመድ ናቸው። ቀለሙም፣ መስመሩም፣ ዓይኑም ሞልቷል፤ ሰው ‹‹ይሄ ቀላል ነው›› ብሎ ይጀምራል። ቁራጩን ሲያነሣ መልአክ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፣ የትኛው መልአክ እንደሆነ ግን አያውቅም። ፊቶቹ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ስለሚለያዩ መፍትሔ አለው፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ባለ 192 ጥሩ የክረምት ሥራ ነው። ፎቶውን ያለ ፍላሽ፣ እጅን ሳያንቀጠቅጡ ማንሣት ነው፤ ጨለማ ውስጥ የተነሣ ፎቶ ደብዝዞ የፊቶቹን ልዩነት ይበላዋል።

እስካሁን ከሠራኋቸው አንደኛ የሆነልኝ ግን ግንብም ቤተ ክርስቲያንም አይደለም። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ፣ አጠገቡ ባለ ብዙ ቀለም መሶብ፣ ረከቦት ላይ የተደረደሩ ስኒዎች፣ ከበስተኋላ መጋረጃ። የስፌቱ ቀለም በክብ ስለሚዞር ቁራጩ ከመሶቡ ከየት በኩል እንደመጣ ይናገራል።

ፎቶ ከመቁረጤ በፊት አንድ ሙከራ አደርጋለሁ። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ገጥሜ ክብ እሠራና ስክሪኑ ላይ በዘፈቀደ አሳርፈዋለሁ። በክቡ ውስጥ የሚታየውን ብቻ አይቼ ‹‹ይሄ የእንትና ትከሻ ነው፣ ይሄ በሩ ነው›› ማለት ከቻልሁ ያ ቦታ ጥሩ ነው። ከአሥር ሙከራ አራቱ ‹‹ነጭ ነገር›› ከሆነ ፎቶውን እቀይራለሁ ወይም የቁራጩን ቁጥር እቀንሳለሁ።

ቁጥሩን የሚወስነው ተጫዋቹና ስክሪኑ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ 12 ይበቃል፤ ያውም የአያቱ ፊት ለሁለት እንዳይሰነጠቅ አስተካክሎ ነው፣ ልጆች የተከፈለ ፊት ሲያዩ ይደነግጣሉ። በስልክ ላይ ከ48 በላይ ስትሄዱ ጣት ቁራጩን ይሸፍነዋል፤ 108 ለታብሌት ወይም ለኮምፒውተር ነው። ቁራጮቹ ዞረው እንዲመጡ የሚያደርገው ምርጫ ቁጥሩ ሳይጨምር ጨዋታውን ያከብደዋል፤ ለጀማሪ አጥፉት።

የድሮ ፎቶ ቤት የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶም ይሆናል፤ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ብርሃን እንዳያብረቀርቅበት እያዩ በስልክ ማንሣት ነው። ቀለም ስለሌለው ከ48 አታሳልፉት። ፎቶ በቴሌግራም የሚላክላችሁ ከሆነ ደግሞ ‹‹እንደ ፋይል›› ላኩልኝ በሉ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ስለሚያሳንሰው ቁራጩ ሲጎላ ይደበዝዛል።

መሣሪያው ሞልቷል። ኮምፒውተር ላይ ፓላፔሊ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ከራስ ፎቶ ፐዝል ይሠራል፣ የደረሳችሁበትንም ራሱ ያስቀምጣል። ያለ ኢንተርኔት መሥራቱና መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራው አለመጥፋቱ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ውስጥም ጂግሶ የሚል ማጣሪያ አለ፤ እሱ ግን የፐዝል መስመር ፎቶው ላይ ይሥላል እንጂ ቁራጮቹን አይለያይም፤ ሰው ብዙ ጊዜ ይሄን ሲያወርድ ይሳሳታል። እንደ ጂግሶ ፕላኔት ያሉት ድረ ገጾች ፎቶ ጭናችሁ፣ ቁጥሩንና የቁራጩን ቅርጽ መርጣችሁ ሊንኩን ለዘመድ እንድትልኩ ያስችላሉ።

ድረ ገጽ ላይ መጫን ሲመጣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፎቶን መቆራረጥ መደበቅ አይደለም። ሙሉው ፎቶ እዚያው አለ፤ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ሳይገጥምም ሊያየው ይችላል። ፐዝሉ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እንዳይወጣ ምርጫውን እዩት። ስልክ ያነሣው ፎቶ ውስጥ የተነሣበት ቦታና ሰዓት ተመዝግቦ ሊኖር ስለሚችልም ከመጫን በፊት ማጥፋት ይሻላል። የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ከሆነ ወላጅን መጠየቅ ነው።

የከተራውን ፎቶ አልጣልሁትም። ከላይ ሰማዩን፣ ከግራና ከቀኝ ነጭ በነጭ የሆነውን ሕዝብ ቆርጬ መሃሉን ብቻ አስቀረሁ፤ ካህናቱን፣ ካባቸውን፣ ወርቃማ ዘርፍ ያላቸውን ድባቦች። 48 አድርጌ ለእቴቴ መለስሁላት። ቡናው እስኪፈላ ጠርዙን ጨረሰች። አንድ ቀይ ቁራጭ አንሥታ ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ‹‹ይቺማ የኛ ደብር ድባብ ናት፣ ዘርፏን አላየህም? ከኋላ ነበር የመጣችው›› አለችኝና ከቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ከቦታዋ አሳረፈቻት።