የተዋሃደ የቅድመ ልጅነት ትምህርትና እንክብካቤ ሥርዓት ምንድን ነው?

አገራችን ውስጥ ልጅ ሲወለድ ቀድሞ የሚያውቀው ጤና ጣቢያው ነው። የክትባት ካርድ ይወጣለታል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል። በ9 ወሩ ኩፍኝ፣ በ15 ወሩ ደግሞ ሁለተኛው ኩፍኝ አለ። ከዚያ ካርዱ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ልጁ እንደገና መዝገብ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የመዘጋጃ ክፍል፣ ኦ ክፍል፣ ሲገባ ነው። ያኔ 6 ዓመቱ ነው።

በመሃል ያሉት ዓመታት ኃላፊ ማን ነው? የተዋሃደ ሥርዓት ማለት ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ከእርግዝና ጀምሮ አንደኛ ክፍል እስኪገባ ድረስ የልጁ ጤና፣ ምግብ፣ ማቆያ፣ ጨዋታና ትምህርት በአንድ ዕቅድ ይመራል። ባለቤቱ ይታወቃል፣ በጀቱም እንደዚያው።

የእናቶችን ነገር እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ይሰጣል። ዕረፍቱ ሲያልቅስ? አያት ከገጠር ትመጣለች። ወይ ሞግዚት ትቀጠራለች፤ ብዙ ጊዜ እሷም ገና ልጅ ናት። ካልሆነም ጎረቤት አደራ ይባላል። አቅም ያለው ልጁን 3 ዓመት ሲሞላው ኬጂ ያስገባዋል። እዚያ ደግሞ እርሳስ መያዝ ያቃተው ሕፃን የቤት ሥራ ተሸክሞ ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል። በዚያ ዕድሜ ልጅ የሚማረው ሲጫወት፣ ተረት ሲሰማ፣ በወጉ በልቶ በወጉ ሲተኛ ነው። ማሳደግና ማስተማር ለሁለት የሚከፈሉት ቢሮ ውስጥ እንጂ ልጁ ላይ አይደለም።

ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ በጋራ አውጥተው ነበር። ወላጆችን ማስተማር፣ የሕፃናት ጤና፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ እንዲሁም ማኅበረሰቡ ልጆችን ለትምህርት የሚያዘጋጅበት መንገድ፣ አራቱም አሉበት። በፍጥነት የተስፋፋው ግን ኦ ክፍል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ቀድሞ ነበረ። ለ2 ዓመት ልጅ ግን እንዲህ ያለ ዝግጁ ግቢ አልነበረም።

ስዊድን በዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 የሕፃናት ማቆያዎችን ከማኅበራዊ ጉዳይ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር አዛወረች። በ1998 ገና ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች አገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 ወላጅ በሚከፍለው ላይ ጣሪያ ተደረገ። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአፍ ልማድ ዳጊስ የሚሉት ቦታ የ1 ዓመቱን ሕፃንም የ5 ዓመቱንም ይቀበላል። ዳይፐር መቀየሩም ቃላት ማስተማሩም የአንድ ቤት ሥራ ነው።

እኛ ጋ የ2015 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ክፍተቱ ከላይ በኩል ትንሽ ጠበበ ማለት ነው። ከታች በኩል ደግሞ አዲስ አበባ ወላጆችን ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያማክሩ ሠራተኞች አሰማርታለች። የክትባቱ ካርድ ሣጥን ከገባ በኋላም የዚያን ልጅ በር የሚያንኳኳ ሰው አለ ማለት ነው።