ስለ ብራን የሚወሩ ስህተቶች፦ የቤርገን ወንዶችና ሴቶች እውነተኛ ታሪክ

የኖርዌይ ኳስ ሲነሳ ወሬው ከሃላንድ ይጀምርና ቦዶ/ግሊምት የሚባለው ክለብ ላይ ያርፋል። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ካለ ሮዘንቦርግን ይጨምራል። የቤርገን ከተማውን ክለብ ብራንን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው፤ ከሚነሳውም ውስጥ ብዙው የተምታታ ነው። በተለይ የሴቶቹ ቡድን ታሪክ። ደጋግመው የሚገጥሙኝን ስህተቶች ላንሳ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ስሙ የመጣው ከተማዋን ካወደመው ቃጠሎ ነው»

ብራን በኖርዌጅኛ እሳት፣ ቃጠሎ ማለት ነው። ቤርገን ደግሞ በእንጨት ቤቶቿ የምትታወቅ፣ በታሪኳ ደጋግማ የነደደች ከተማ ናት። በጃንዋሪ 1916 የመሀል ከተማዋ ሰፊ ክፍል አመድ ሆኗል። ሁለቱን ማገናኘት ስለሚቀል ብዙ ሰው ያገናኛቸዋል። ክለቡ ግን የተመሠረተው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1908 ነው። እሳቱ ሲነሳ ብራን ሰባት ዓመት አልፎት ነበር።

«ትልቅ ክለብ ነው፤ ከዋናው ሊግ ወርዶ አያውቅም»

ይሄኛው የቤርገንን ሰው ያስቃል፣ ሽማግሌዎቹን ደግሞ ያናድዳል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብራን የአገሩ ንጉሥ ነበር። የ1961–62ን ሊግ ወሰደ። ያ ውድድር እንደ ሌሎቹ አንድ ዓመት የፈጀ አይደለም፤ ኖርዌይ የውድድር ዘመኗን ከመኸር–ጸደይ ወደ ጸደይ–መኸር ስታዛውር 16 ቡድኖች ተሰልፈው ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ተጎተተ። በ1963 ደግሞ ብራን ዋንጫውን ደገመው። የዚያ ቡድን ዓይን ሩአል የንሰን ነበር። ገና ሕፃን ሳለ ኳስ ሲያንጠባጥብ መሬት አያስነካትም ነበር ይላሉ፤ ከዚሁ «ክኒክሰን» የሚል ቅጽል ወጣለት። ሐውልቱ ዛሬም በብራን ስታዲየም ደጅ ቆሟል።

ታዲያ በ1964 ምን ሆነ? ያው ሻምፒዮን ቡድን ወረደ። ዋንጫው አቧራ ሳይጠጣ ማለት ነው። ክኒክሰንም ብዙ ሳይቆይ ወደ ስኮትላንዱ ሃርትስ ሄደ።

በ1980ዎቹ ባሰ። አንድ ዓመት ሲወርድ፣ በማግስቱ ሲያድግ፣ እንደገና ሲወርድ የአገሬው ሰው «የአሳንሰር ቡድን» አለው። ቀጣዩ የሊግ ዋንጫ የመጣው በ2007 ነው፣ ከ44 ዓመት በኋላ። በ2014ም በማጣሪያ ተሸንፎ ወርዶ በ2015 ተመልሷል። ያኔ ከክንፍ ከሚሮጡት ተጫዋቾች አንዱ ኢትዮጵያ የተወለደው አሚን አስካር ነበር።

ከሁሉም የሚያመው ግን የዲሴምበር 2021ው ነው። ሁለተኛውን ሊግ ሊሰናበት ከሚጥር የርቭ ከሚባል ትንሽ ክለብ ጋር አንድ ጨዋታ ቀረ፤ ያሸነፈ በዋናው ሊግ ይጫወታል። ተጨማሪ ሰዓት ታክሎበት 4 ለ 4 አለቀ። በፍጹም ቅጣት ምት የርቭ 8 ለ 7 አሸነፈና ብራን ወረደ።

«የሴቶቹ ቡድን የወንዶቹ ተቀጥላ ነው፤ ታሪኩም በ2022 ይጀምራል»

በብራን ስም መጫወት የጀመሩት በ2022 መሆኑ እውነት ነው። ቡድኑ ግን ከዚያ በፊት ሳንድቪከን ነበር፤ በቤርገን ውስጥ ያለ ሰፈር ስም ነው፣ ክለቡም በ1945 የተመሠረተ የሰፈር ስፖርት ማኅበር። የሴቶች ቡድኑ የአገሪቱን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ያነሳው በ1995 ነው። ዓመቱን ልብ በሉ፤ የኖርዌይ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፎ የዓለም ዋንጫን የወሰደበት ዓመት ነው። የሴቶች ኳስ በዚያች አገር ያን ጊዜም እንግዳ አልነበረም።

አሁን ወደ 2021 ልመልሳችሁ። ወንዶቹ በየርቭ እጅ ከመውረዳቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ሳንድቪከን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። ይኸው ሻምፒዮን ነው በ2022 የብራንን ቀይ መለያ የለበሰው። ተቀጥላ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ግራ ያጋባኛል። ወንዶቹ በሁለተኛው ሊግ ሲዳክሩ የብራን ስም በዋናው ሊግ የተጠራው በሴቶቹ ነው። መጠራት ብቻም አይደለም፤ በመጀመሪያው ዓመታቸው ሊጉንም ጥሎ ማለፉንም ጠራርገው ወሰዱ። አሰልጣኙን አሌክሳንደር ስትራውስን ባየርን ሙኒክ በዚያው ክረምት ባይወስደው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ያለ እሱም አልቀረባቸውም።

ሂሳቡን ለሚወድ፦ ወንዶቹ ሦስት የሊግ ዋንጫ ለመሰብሰብ ከምሥረታው ወዲህ 99 ዓመት ፈጀባቸው። ሴቶቹ በሁለት ተከታታይ ዓመት ሁለት ወሰዱ፣ አንዱን በድሮው ስም፣ አንዱን በአዲሱ።

«ብራን ሳንድቪከንን ገዛው»

የእንግሊዝ ሊግ የለመደ ሰው ይህን ቢያስብ አይፈረድበትም። በኖርዌይ ግን የስፖርት ክለብ የአባላቱ ማኅበር ነው፤ ባለሀብት ገብቶ ክለቡን የግሉ አያደርግም። ሁለት ማኅበራት ተስማምተው የሴቶቹ ዋና ቡድን ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ፣ በቃ።

«በአውሮፓ የሚታወቁት ወንዶቹ ናቸው»

ወንዶቹ ጥሩ ምሽቶች አሳልፈዋል፣ አልክድም። በማርች 1997 በአውሮፓ አሸናፊዎች አሸናፊ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሊቨርፑልን ቤርገን ላይ 1 ለ 1 ይዘው ሸኙ። በሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ግን 3 ለ 0 ተረቱ። ያን ጨዋታ ያየ ሰው ብራንን ባያስታውስም ሮቢ ፋውለርን ያስታውሳል፦ ጎል ካስቆጠረ በኋላ መለያውን ገልጦ ከሥራ የተባረሩ የሊቨርፑል ወደብ ሠራተኞችን የሚደግፍ ቲሸርት አሳየ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋም ቀጣው። በ2008 መጀመሪያ ደግሞ በዩኤፋ ካፕ ኤቨርተን በሁለት ጨዋታ 8 ለ 1 አሰናበታቸው። የሻምፒዮንስ ሊግ ምድብን ወንዶቹ ረግጠውት አያውቁም።

ሴቶቹ ረግጠውታል። በ2023–24 ከሊዮን፣ ከስላቪያ ፕራግና ከሳንክት ፖልተን ጋር ተመደቡ። ስምንት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ሊዮን ቤርገን መጥቶ 2 ለ 2 ወጥቶ ተመለሰ። ብራን ሁለተኛ ሆኖ አለፈና ሩብ ፍጻሜ ላይ ባርሴሎና ደረሰው። በሜዳው 2 ለ 1፣ በስፔን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ በሁለቱም ጨዋታ ግን ጎል ሳያስቆጥር አልወጣም። በሜይ ቢልባኦ ላይ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የተፋጠጡት ሁለት ቡድኖች ሊዮንና ባርሴሎና ነበሩ።