አርዮሳዊነት ምንድን ነው?

«አርዮስ ክርስቶስን ተራ ሰው ነው ያለ መናፍቅ ነው።» ይህን አባባል ሰሞኑን አንድ ሰባኪ በሙሉ ልቡ ሲናገረው ሰማሁ። መጽሔት ላይም አንብቤዋለሁ። ተማሪዎቼም ፈተና ላይ ይጽፉታል። አሁንስ በዛ።

አርዮስ እንዲህ አላለም። ተራ ሰው ነው ያሉት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ268 አንጾኪያ ላይ የተወገዘው ጳውሎስ ሳምሳጢ ወደዚያ ይጠጋል። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ግን ወልድ ከዓለም በፊት እንደነበረ ያምናል። ዓለም የተፈጠረው በእርሱ ነው ብሎም ያስተምራል። አምላክ ብሎ እስከ መጥራት ይደርሳል። (የራሱ ጽሑፍ ብዙው ጠፍቷል፤ ከጥቂት ደብዳቤዎቹ በቀር የምናውቀው ተቃዋሚዎቹ ከጠቀሱት ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ መነበብ አለበት።) ችግሩ ያለው «ሳይወለድ በፊት አልነበረም፤ ካለመኖር ተፈጠረ» ያለው ላይ ነው። ወልድ የመጀመሪያውና የከበረው ፍጥረት ነው፤ ግን ፍጥረት ነው። «ከእኔ አብ ይበልጣልና» የሚለውንም ቃል ለዚህ ይጠቅሳል።

የዓባይን በረሃ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ከወዲህ ጎጃም፣ ከወዲያ ሸዋ፣ መሀል ላይ ገደል። ፍጥረት ሁሉ ከወዲህ፣ ፈጣሪ ከወዲያ ማዶ ነው እንበል። ክርስቶስን ተራ ሰው ያሉት ከወዲህ አንድ መንደር ውስጥ አስቀመጡት። አርዮስ ግን ጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ አወጣው። መላእክት እንኳ ከእርሱ በታች ናቸው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቢሆንም ያው ጎጃም ነው። ከፍታው ማዶ አያሻግርም። የአርዮስን ትምህርት ለመመርመር ኒቅያ ላይ በጉባኤ የተሰበሰቡት አባቶች ስለ ከፍታው አልተከራከሩም፤ የጠየቁት በየትኛው ማዶ እንደሆነ ነው።

የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ አርዮስን ተቃውሞ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው፣ አምስት ጊዜም የተሰደደው ለዚሁ ነው። ጮቄ ላይ የቆመ ከሥሩ ላሉት መንገድ ሊያሳያቸው ይችል ይሆናል፤ እርሱ ራሱ ያልተሻገረውን ግን ሊያሻግራቸው አይችልም። ፍጡር ፍጡርን ከእግዚአብሔር ጋር አያገናኝም። የሚያሻግረን ከወዲያ ማዶ የመጣ፣ ከእኛ ጋር ወዲህ የቆመ፣ የወዲያውንም ያልለቀቀ ብቻ ነው። በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የምንለው ይህን ነው። ክርክሩን «ሰው ነው ወይስ ከሰው በላይ?» ወደሚል ካወረድነው ያ ሐረግ ምን ሊሠራ እዚያ እንደገባ አይገባንም። አርዮስም ከሰው በላይ ነው ይላልና።

አንድ ተከራካሪ ደግሞ «ኢየሱስ ኒቅያ ላይ በድምፅ ብልጫ አምላክ ተደረገ፤ ቆስጠንጢኖስ ነው የሾመው» ብሎ ጽፎ አየሁ። ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ325 እዚያ «ተራ ሰው ነው» ብሎ የቆመ ወገን አልነበረም። እስከ መጨረሻው አንፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋር የተጋዙት ጳጳሳት ሁለት ናቸው፤ ሰኩንዶስና ቴዎናስ። ደግሞም ከጉባኤው 200 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ኒቅያ ያለችበትን አውራጃ ይገዛ የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ ጽፏል። ክርስቲያኖች ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ይላል። የጻፈው አማኝ ሳይሆን ሲመረምራቸውና ሲቀጣቸው የነበረ ሰው ነው።

ኒቅያ ላይ ተሰበሰቡ ስለሚባሉት 318ቱ ሊቃውንትም ላንሳ። ቁጥሩ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው፤ ከአብርሃም 318 ሰዎች ጋርም ይያያዛል። በጉባኤው የነበረው የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ግን ከ250 በላይ ነው ያለው። ይህ ሃይማኖቱን አያናጋም።

ነገሩ ኒቅያ ላይም አላበቃም። የአርዮስን ወገን የደገፈው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለእኛው ዒዛናና ለወንድሙ ሳይዛና ጽፎ ነበር። አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ የምንለውን፣ እስክንድርያ ልካችሁ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመርመር አላቸው። ደብዳቤውን ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። ክርክሩ አክሱም ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ዛሬ ማንን ነው አርዮስ የምንለው? ያገኘነውን ሁሉ። ፕሮቴስታንቱ «ኢየሱስ አማላጅ ነው» ሲል አርዮስ ይባላል። በምልጃ ላይ ያለን ልዩነት እውነተኛ ነው፤ እኔም ቀላል ነው አልልም። ግን ፕሮቴስታንቱም ወልድ አልተፈጠረም ብሎ ያምናል። ኦንሊ ጂሰስ የሚባሉትንም አርዮስ እንላቸዋለን። እነርሱ አብና ወልድን አንድ አካል ስለሚያደርጉ የሚቀርቡት እንዲሁ ላስተማረው ለሌላው መናፍቅ ለሰባልዮስ ነው። ይህን ደግሞ አርዮስ ራሱ አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ከጳጳሱ ከእለእስክንድሮስ ጋር የተጣላው ጳጳሱ የሰባልዮስን ትምህርት ያስተማረ መስሎት ነው። ሙስሊሙ ነቢይ ነው ሲልም ከአርዮስ ጋር አይገናኝም። የሚቀራረቡት የይሖዋ ምሥክሮች ናቸው፤ ወልድ መጀመሪያ የተፈጠረ፣ ሌላው ሁሉ በእርሱ የተፈጠረ ነው ይላሉ። እዚያም ቢሆን መቀራረቡ በከፊል ነው፤ እነርሱ ወደ ኢየሱስ አይጸልዩም፤ የአርዮስ ወገኖች ግን ፍጡር ነው እያሉም ያመልኩት ነበር። አትናቴዎስ አጥብቆ የወቀሳቸውም በዚህ ነው፦ ፍጡር ከሆነ ለምን ታመልኩታላችሁ?