«የተከለሰ የዘመን ቅደም ተከተል» ምንድን ነው?

ስያሜው ቀን መቁጠሪያ የሚቀየር ያስመስላል። የሚነካው ግን የጥንት ነገሥታት የኖሩበትን ዘመን ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙና ጸሐፊው ኢማኑኤል ቬሊኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ፦ ፀሐይ ቆመች፣ ከሰማይ እሳት ዘነበ የሚሉ ጥንታዊ ትረካዎች ቬነስ ወደ ምድር ተጠግታ ያደረሰችውን ጥፋት የዘገቡ ናቸው። የግብፅና የዕብራውያን ታሪክ በዓመት አልገጥም ሲለው፣ የግብፅን ዘመን 500 ዓመት ገደማ ወደ እኛ አቀረበው፤ «የተከለሰ የዘመን ቅደም ተከተል» የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ስሌት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠችው የግብፅ ንግሥት ሃትሼፕሱት የሰሎሞን ዘመነኛ፣ እንዲያውም ንግሥተ ሳባ ሆነች!

ይህን መቀበል አይቻልም። ከግብፅ መቃብሮች የተገኙ ዕፅዋት ዕድሜያቸው በካርቦን ተለክቶ የተለመደውን ዘመን ደግፈዋል።

አፈ ታሪክ እውነተኛ አደጋ ሊይዝ መቻሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነው የክላማት ሕዝብ ትረካ ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳውን የማዛማ እሳተ ገሞራ በሚገርም ሁኔታ ይመስላል።