ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና ውሃ አብሮ የሚያመርት ጣቢያ፦ «ብቃቱ 80 በመቶ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ጣቢያዎች ተርባይን ካዞሩበት እንፋሎት ከፊሉን ወስደው የባሕር ውሃ ያጣሩበታል። ግራ የሚያጋባው ኤሌክትሪኩና ሙቀቱ ሲደመሩ ነው።

ለምሳሌ 100 ሜጋዋት ነዳጅ ገብቶ 35 ሜጋዋት ኤሌክትሪክና 45 ሜጋዋት ሙቀት ወጣ እንበል። ድምሩ 80 በመቶ ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ጤፍና ገለባን ባንድ ላይ መዝኖ «ይሄን ያህል እህል አለኝ» እንደማለት ነው። ለውሃው የሚሄደው እንፋሎት 115 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አቅሙ ተሟጧል። እስከ መጨረሻው ተርባይን ቢያዞር ኖሮ ከ45ቱ የሚገኘው ኤሌክትሪክ 7 ሜጋዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ በውሃው ላይ የሚታሰበው 45 ሳይሆን 7 ነው።

ውሃውን አትንኖ የሚያጣራ ጣቢያ ለአንድ ሜትር ኩብ 75 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ቢፈልግ፣ በ45ቱ ሜጋዋት በሰዓት 600 ሜትር ኩብ ያወጣል። 7 ሜጋዋቱ፣ ማለትም 7,000 ኪሎዋት፣ ለ600 ሲካፈል ለአንድ ሜትር ኩብ 11.7 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል፤ የፓምፖቹ 3 ወይም 4 ሲጨመርበት 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ግን 3 እስከ 4 ይበቃዋል። 80 በመቶው ይህን ልዩነት አያሳይም።

የታጣውን ኤሌክትሪክ መቁጠር የትም ይሠራል። 7 የሚለው ቁጥር ግን እንደ እንፋሎቱና እንደ ወቅቱ ይለያያል። በታኅሣሥና በጥር አየር ማቀዝቀዣ ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ይወርዳል፤ የውሃው ያን ያህል አይቀንስም። በዚህ ምክንያት እንፋሎቱ ተርባይን ሳይነካ ከቦይለር በቀጥታ ለውሃ ከተላከ፣ ያን ጊዜ ነዳጁ የሚቃጠለው ለውሃው ብቻ ነው።