ፎርሚጋ፦ በሰባት የዓለም ዋንጫ የተሰለፈችው አማካይ

ሚራይልዴስ ማሲየል ሞታ ቢባል አብዛኛው የኳስ አፍቃሪ "ማን ናት?" ይላል። ፎርሚጋ ሲባል ግን ወዲያው ይገባዋል። ብራዚላዊት ናት፤ የመሀል ሜዳ ተጫዋች። ከ1995 እስከ 2019 በተካሄዱት ሰባት የዓለም ዋንጫዎች ሁሉ ተሰልፋለች። የሴቶች እግር ኳስ ኦሊምፒክ ውስጥ ከገባበት ከ1996 እስከ ቶኪዮ ድረስ ደግሞ ሰባቱንም ኦሊምፒክ ተጫውታለች። ሰባት የዓለም ዋንጫ የተጫወተ ሰው በወንዶቹም በኩል የለም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ፎርሚጋ ሲወራ ወሬው ሁልጊዜ ዕድሜዋ ላይ ይንጠለጠላል። "በ41 ዓመቷ የዓለም ዋንጫ" ተብሎ ይታለፋል። እውነት ነው፣ ግን የትኛውም አሰልጣኝ ተጫዋች ለዕድሜው ብሎ አያሰልፍም። የምትሰለፈው ስለምትፈለግ ነበር። ለምን እንደምትፈለግ ለማወቅ ደግሞ ጎሎቿን መቁጠር ብዙም አይረዳም። እሷ የሌለችባቸውን ደቂቃዎች ማየት ይሻላል።

ልጅነት በሳልቫዶር

ፎርሚጋ ማርች 3 ቀን 1978 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በባሂያ ግዛት ዋና ከተማ በሳልቫዶር ተወለደች። ያኔ በብራዚል ሴት ልጅ ኳስ እንድትጫወት ሕጉ አይፈቅድም ነበር። በፕሬዚዳንት ጌቱሊዮ ቫርጋስ ዘመን፣ በ1941 የወጣው አዋጅ ሴቶች "ከተፈጥሯቸው ጋር የማይስማማ" ስፖርት እንዳይሠሩ ከለከለ። በ1965 ደግሞ የተከለከሉት ስፖርቶች በስም ሲዘረዘሩ እግር ኳስም ገባበት። ክልከላው የተነሳው በ1979 ነው፤ ፎርሚጋ ገና ዳዴ የምትልበት ዕድሜ ላይ ሳለች። ለሴቶች እግር ኳስ ደንብ የወጣለት ከዚያም ቆይቶ በ1983 ነው። አሁን ሳልቫዶር ብራዚል በ2027 የምታስተናግደው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ከሚካሄድባቸው ስምንት ከተሞች አንዷ ናት።

ሕግ ተነሳ ማለት ግን ሰፈር ተቀበለ ማለት አይደለም። ፎርሚጋ በወንድሞች መሀል ነው ያደገችው፤ እነሱም ከወንዶች ጋር ኳስ መጫወቷን አይወዱላትም ነበር። እናቷ ግን ከጎኗ ቆመች። ነገሩ የእሷ ብቻ አልነበረም። በብሔራዊ ቡድን ታላቋ የነበረችው ሲሲም የባሂያ ልጅ ናት። ሲሲ ኳስ የሚሰጣት ብታጣ የአሻንጉሊቶቿን ጭንቅላት እየነቀለች ትለጋ ነበር።

ፎርሚጋ በፖርቱጋልኛ ጉንዳን ማለት ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ለራሷ ሳትል ለቡድኑ ስለምትለፋ። ጉንዳን ከክብደቱ በላይ ይሸከማል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አይቆምም። የእሷን አጨዋወት ያየ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም የሚያገኝላት አይመስለኝም።

መሀል ሜዳ ላይ የምትሠራው

ብራዚሎች ከተከላካዮች ፊት የሚሰለፈውን አማካይ "ቮላንቺ" ይሉታል። ቃሉ የመኪና መሪ ማለት ስለሆነ፣ ጨዋታውን የሚመራ ለማለት ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ብራዚሉ ክለብ ፍላሜንጎ የመጣው አርጀንቲናዊ ካርሎስ ቮላንቴ ስሙን ለቦታው ትቶለት ሄደ ይላሉ። ሁለተኛው ይበልጥ ያስኬዳል፤ የመጀመሪያው ግን ለፎርሚጋ ይስማማታል።

ሥራው አይን የሚስብ አይደለም። ኳስ ትነጥቃለች፣ ቅርብ ላለችው ታቀብላለች፣ የመስመር ተከላካይዋ ወደ ፊት ስትሄድ የተወችውን ቦታ ትሸፍናለች። ቡድኗ ሲያጠቃ ደግሞ ከኋላ ተነስታ ሳጥን ውስጥ ትገኛለች። የቡድኑ ኮከብ አጥቂ ማርታ አራት ሰው አታልላ ስታልፍ ስታዲየሙ ይነሳል። ማርታ ኳሷን ብትነጠቅ ከኋላዋ ማን እንዳለ ግን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ፎርሚጋ ነበረች።

ለብሔራዊ ቡድን ያደረገችው ጨዋታ ከ230 በላይ ነው። ቁጥሩ እንደ መዝጋቢው አንድ ሁለት ከፍ ዝቅ ይላል። ክርክሩ ግን ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ከወንዶቹ ክብረ ወሰኑን የያዘው ካፉ 142 ነው።

ከስዊድን እስከ ሲድኒ

የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋ በ1995 ስዊድን ያዘጋጀችው ነበር። 17 ዓመቷ ነው። ብራዚል በመክፈቻው አዘጋጇን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ከዚያ በጃፓን 2 ለ 1፣ በጀርመን 6 ለ 1 ተሸንፋ ከምድቡ ሳታልፍ ቀረች። የዚያን ጊዜ ሴቶች ማሊያ ከወንዶቹ የተረፈ ነበር፤ እጅጌው ክርን ያልፋል፣ ቁምጣው ጉልበት ይሸፍናል።

በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ አራተኛ፣ በ1999 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ፣ በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ እንደገና አራተኛ ሆኑ። በ2003 የዓለም ዋንጫ ከሩብ ፍፃሜ አላለፉም።

ሦስቱ የብር ሜዳሊያዎች

ከ2004 እስከ 2008 ያለው ዘመን የዚህ ቡድን ወርቃማ ጊዜ ነው፤ በዓለም ዋንጫና በኦሊምፒክ ወርቅ ባይገኝበትም። አጥቂዎቹ ማርታና ክርስቲያኔ ወጣት ናቸው፣ ፎርሚጋ ሙሉ አቅሟ ላይ ናት። በአቴንስ ኦሊምፒክ ፍፃሜ በተጨማሪ ሰዓት በአሜሪካ 2 ለ 1 ተሸነፉ። የማሸነፊያዋን ጎል ያስቆጠረችው አቢ ዋምባክ ናት፣ በ112ኛው ደቂቃ።

በ2007 የቻይና ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ አሜሪካን ሃንግዡ ላይ 4 ለ 0 ደመሰሱ። ሰው የሚያስታውሰው የማርታን አራተኛ ጎል ነው፤ ማስታወሱም ተገቢ ነው፣ እንደዚያ ያለ ጎል በየቀኑ አይታይም። በሩን የከፈተው ግን በ20ኛው ደቂቃ ፎርሚጋ የመታችው የማዕዘን ምት ነው። አሜሪካዊቷ ሌስሊ ኦስቦርን ላወጣ ብላ የራሷ መረብ ውስጥ ከተተችው። ጎሉ የተመዘገበው በኦስቦርን ስም ነው። የፎርሚጋ ሥራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ መዝገብ ላይ አይወጣም። ሻንጋይ ላይ በተደረገው ፍፃሜ ጀርመን 2 ለ 0 አሸነፈች። ማርታም ፍፁም ቅጣት ምት ሳተች።

ዓመት ሳይሞላ እዚያው ሻንጋይ እንደገና ከጀርመን ጋር ተገናኙ። የቤጂንግ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍፃሜ ነው። የጀርመኗ አጥቂ ብርጊት ፕሪንዝ በ10ኛው ደቂቃ አገባች። ያለፈው ዓመት ሊደገም ነው ሲባል፣ እረፍት ሊወጡ ሁለት ደቂቃ ሲቀራቸው ፎርሚጋ አቻ አደረገች። ከእረፍት መልስ ክርስቲያኔ ሁለት፣ ማርታ አንድ ጨመሩ፤ 4 ለ 1። ጀርመንን ያህል ቡድን በዚያ ዘመን አራት ማግባት ቀልድ አይደለም። ለእኔ የፎርሚጋ ትልቁ ጎል ይሄ ነው።

ፍፃሜው ላይ ግን ያው አሜሪካ፣ ያው ተጨማሪ ሰዓት። ካርሊ ሎይድ 1 ለ 0። በአሜሪካ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አሰልጣኝ ስዊድናዊቷ ፒያ ሰንድሃገ ነበረች። ይህን ስም ያዙልኝ።

ክለቦች

የክለብ ሕይወቷ ብዙ መዘዋወር ያለበት ነው። በብራዚል ለሴቶች የተረጋጋ ሊግ ባልነበረበት ዘመን ተጫዋች ውል ፍለጋ አገር ላገር መዞሯ የተለመደ ነው። ሳኦ ፓውሎ ተጫውታለች፣ ስዊድን ማልሞ ሄዳለች፣ አሜሪካም ውስጥ ከአንድ በላይ ክለብ ቀይራለች። ከሁሉ ፍሬያማው የብራዚሉ ሳኦ ዦዜ ነው። ክለቡ በ2013 እና በ2014 የደቡብ አሜሪካን ኮፓ ሊበርታዶሬስ አከታትሎ ወሰደ። በ2014 መጨረሻ ላይ ጃፓን ሄዶ አርሰናልን 2 ለ 0 አሸንፎ የክለቦች ውድድር ዋንጫ አነሳ። ውድድሩ የፊፋ ስላልነበረ "የዓለም ሻምፒዮን" ማለት ይቻላል አይቻልም ብለው የሚከራከሩ አሉ። ደጋፊዎቹ ግን ይላሉ፣ ማን ይከለክላቸዋል።

በጃንዋሪ 2017 ፓሪ ሴን ዠርማን አስፈረማት። 39 ልትሞላ ሁለት ወር ሲቀራት! በዚያው ዓመት ክለቡ ለቻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ ካርዲፍ ደረሰ። ከሊዮን ጋር ያለ ጎል ተጠናቆ በመለያ ምት 7 ለ 6 ተሸነፈ። የመጨረሻዎቹን ምቶች የመቱት ሁለቱ ግብ ጠባቂዎች ናቸው፤ የፓሪሷ ሳተች፣ የሊዮኗ አገባች። በ2018 የፈረንሳይን ዋንጫ ሊዮንን 1 ለ 0 አሸንፈው ወሰዱ። በ2021 ደግሞ ሊዮን ለ14 ዓመት ያለማቋረጥ የያዘውን የሊግ ዋንጫ ነጠቁት። ፎርሚጋ በዚያ ውድድር ዓመት 43 ሞልቷት ነበር። ሥራዋን ጨርሳ ወደ ሳኦ ፓውሎ ተመለሰች።

ሞንትሪያል፣ 2015

በ2011 ዓለም ዋንጫ ሰንድሃገ በምታሠለጥናት አሜሪካ፣ በ2012 ኦሊምፒክ በጃፓን፣ ሁለቱም ጊዜ ሩብ ፍፃሜ ላይ ቀሩ።

ጁን 9 ቀን 2015 በካናዳው ዓለም ዋንጫ ብራዚል ከደቡብ ኮሪያ ጋር ተጫወተች። በ33ኛው ደቂቃ አንዲት የኮሪያ ተከላካይ ኳሱን ወደ ግብ ጠባቂዋ መለሰች፤ ምቱ ግን ደካማ ነበር። ፎርሚጋ ቀድማ ደረሰች። አንድ ነካ አድርጋ መረብ ውስጥ አስቀመጠችው። 37 ዓመት ከ98 ቀን ሆኗታል፤ በሴቶች ዓለም ዋንጫ ጎል ያስቆጠረች በዕድሜ ትልቋ ተጫዋች ሆነች። ጎሉን ደግሜ ሳየው የሚገርመኝ ፍጥነቷ አይደለም። ኳሱ ገና ከኮሪያዋ ተከላካይ እግር ሳይለይ እሷ መሮጥ ጀምራለች። ይሄ ሃያ ዓመት ሲጠራቀም የሚመጣ ነገር ነው።

ከእረፍት በኋላ ሳጥን ውስጥ ተጠልፋ ወደቀች። ፍፁም ቅጣት ምቱን ማርታ አገባችው። ያቺ ጎል የማርታ 15ኛ የዓለም ዋንጫ ጎል ሆና የፕሪንዝን ክብረ ወሰን ሰበረች። በማግስቱ ወሬው ሁሉ ማርታ፣ ማርታ ሆነ።

መሰናበትና መመለስ

በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ብራዚል ማራካና ላይ በግማሽ ፍፃሜ በስዊድን በመለያ ምት ወደቀች። የስዊድን አሰልጣኝ ማን ነበረች? ሰንድሃገ። ለነሐሱም በካናዳ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በዓመቱ መጨረሻ በብራዚሏ ከተማ ማናውስ ላይ በተዘጋጀ ውድድር ፎርሚጋ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተች። አበባ ተበረከተላት፣ ተለቀሰ፣ ተዘጋ።

አልተዘጋም። በ2018 አሰልጣኝ ቫዳዎ መልሶ ጠራት። ቦታውን የሚሞላ ሰው አልተገኘም ነበር። ፌዴሬሽኑ ለሃያ ዓመት ያህል የተተኪ ነገር ምን ሲያደርግ ነበር ብሎ መጠየቅ አግባብ ነው። እሷም ሄደች፣ የ2018 ኮፓ አሜሪካን ተጫወተች፣ ለፈረንሳዩ የ2019 ዓለም ዋንጫም ደረሰች።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከጃማይካ ጋር ነበር፤ 3 ለ 0። ሁለተኛው ከአውስትራሊያ ጋር ሞንፔሊየ ላይ። ብራዚል 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ እረፍት ሊወጡ ሲሉ አንድ ገባባት። ፎርሚጋ ተጎድታለች፤ ከእረፍት አልተመለሰችም። ማርታም በዚያው ተቀየረች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የአውስትራሊያ ኳስ እንደፈለገ በመሀል ሜዳው ያልፍ ጀመር። ሁለት ጎል ተጨመረ፤ 3 ለ 2 ተሸነፉ። ማርታም ስለወጣች ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው አለመኖር ማመካኘት አይቻልም። ግን ጨዋታውን ያየ ሰው ክፍተቱ የት እንደነበር አይጠፋውም። በሁለት ቢጫ ካርድ ከጣሊያን ጋርም ሳትሰለፍ ቀረች፤ ብራዚል እንደምንም 1 ለ 0 አሸነፈች።

ጁን 23 ቀን ለአቭር ላይ ለጥሎ ማለፉ ከፈረንሳይ ጋር ተመለሰች። 41 ዓመት ከ112 ቀን። ከዚያ ውድድር በፊት በሴቶች ዓለም ዋንጫ በዕድሜ ትልቋ ተጫዋች የነበረችው አሜሪካዊቷ ክሪስቲ ራምፖን 40 ዓመቷ ነበር። በተጨማሪ ሰዓት ፈረንሳዊቷ አማንዲን ኦንሪ አገባችና ብራዚል 2 ለ 1 ተሸነፈች። ማርታ እንባ እየተናነቃት ካሜራ ፊት ቆማ ለታዳጊዎቹ መልእክት አስተላለፈች፤ ፎርሚጋ ለዘላለም አትኖርም፣ ማርታም አትኖርም፣ ክርስቲያኔም አትኖርም አለች። የፎርሚጋን ስም መጀመሪያ ነው የጠራችው።

ቶኪዮና ማናውስ

ከዚያ ዓለም ዋንጫ በኋላ ብራዚል አዲስ አሰልጣኝ ቀጠረች። ፒያ ሰንድሃገን። ይህቺ ሴት በ1995ቱ የዓለም ዋንጫ ለስዊድን ተጫዋች ሆና ተሰልፋለች፤ በ2008፣ በ2011 እና በ2016 ከተቃራኒ ወንበር ሆና ብራዚልን አሰናብታለች። አሁን በ1995ቱ ውድድር የነበረችውን ልጅ አሰልጣኝ ሆና የምታሰልፋት እሷ ሆነች። ሰንድሃገ ጫማ ከሰቀለች ብዙ ቆይታለች፣ ፎርሚጋ ግን አሁንም ማሊያ ለብሳለች። ወደ ቶኪዮ ይዛት ሄደች። ጁላይ 21 ቀን 2021 ቻይናን 5 ለ 0 ሲያሸንፉ ፎርሚጋ ሰባተኛ ኦሊምፒኳን ጀመረች። ሩብ ፍፃሜ ላይ ከካናዳ ጋር ያለ ጎል ተለያይተው በመለያ ምት ወጡ።

ሁለተኛው ስንብት ኖቬምበር 25 ቀን 2021 ሆነ። ከተማው አሁንም ማናውስ ነው፤ በ2016 የተሰናበተችበት። ተጋጣሚዋ ህንድ ነበረች፤ ብራዚል 6 ለ 1 አሸነፈች። ፎርሚጋ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጀመረች። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ተቀይራ ገባች፣ 8 ቁጥር ማሊያዋን ለብሳ፣ ወደ ለመደችው ቦታ ወደ መሀል ሜዳ ሮጠች።